ነጩ ክኒንና የአባቴ እግር

አባቴ እግሩ የት እንዳለ አያውቅም ነበር። ይህን ስል ቀልድ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ ሲነግረኝ ስቄበታለሁ። የሸማ ሥራችንን ላላየ ሰው ልንገረው፤ ሸማኔ የሚቀመጠው ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። እጁ ከላይ መወርወሪያውን ያመላልሳል፣ እግሮቹ ደግሞ ከታች ጨለማ ውስጥ ሆነው መርገጫዎቹን እያፈራረቁ ይረግጣሉ። ዐይን እዚያ አይደርስም። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ጠዋት ቀኙን ረገጥኩ ብሎ ግራውን ረገጠ። የጀመረው ቡልኮ ተበላሸ። ፈትቶ እንደገና ጀመረ፤ አሁንም ተበላሸ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ እግሩ መኖሩን በእጁ ዳሰሰ።

ነገሩን የጀመረው ቲቢ ነው። የጨረስኩት ግን እኔ ነኝ።

ሚሊኒየሙ በገባ ሰሞን አርባ ምንጭ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች፤ አባቴ ከጨንቻ ወዲያ ባለው መንደራችን ብቻውን ይኖራል። ሳል አላስተኛ ሲለው አውርጄ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ቲቢ ነው ተባለ። ደጋ የለመደ ሰው በሲቀላ ሙቀት እየቀለጠ፣ በየጠዋቱ ነርሷ ፊት ክኒኑን ሲውጥ ከረመ። ከትልልቆቹ ክኒኖች ጋር አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ነበረች። "ይቺ ቢ ሲክስ ናት" አለችን ነርሷ፤ "የቲቢው መድኃኒት ነርቭ እንዳይጎዳ ነው። በቀን አንድ።"

በቀን አንድ። ሴትዮዋ ተናግራለች፣ እኔም ሰምቻለሁ። ያሳሳተኝ ሰው የለም።

ግን እኔ ከነርሷ በላይ አዋቂ ነበርኩ! ከቲቢ ክኒኖቹ አንዱ ሰውነት ውስጥ ያለውን ቢ ሲክስ አንቆ በሽንት ይዞት እንደሚወጣ፣ በዚያም የተነሳ ነርቭ እንደሚራብ ከድሮ ደብተሬ አውጥቼ አነበብኩ። ደስ አለኝ። ፒሪዶክሲን ሃይድሮክሎራይድ ብዬ ሙሉ ስሟን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፤ ስድስት ማዕዘን ያላትን ቀለበት ሳልኩ፣ አንደኛው ማዕዘን ላይ ናይትሮጅኑን አስቀመጥኩ። አንዷን ክኒን ፈጭቼ ውሃ ውስጥ በጠበጥኩና ሰማያዊ ሊትመስ ነከርኩበት፤ ቀላ። አሲድነት አላት ማለት ነው። ነጭ ክሪስታል ናት፣ ሽታ የላትም፣ ሙቀት ትችላለች፣ ብርሃን ግን ያበላሻታል፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ በቀላሉ ትሟሟለች። "ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ቫይታሚን አይከማችም!" እያልኩ ሰሌዳውን በጠመኔ እደበድብ ነበር። "የበዛው በሽንት ይወጣል። የሚያሰጉት ስብ ውስጥ የሚሟሙት ናቸው።" ይህን ፈተና ላይ የሳተ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል።

ሕክምናው ሊያልቅ ሲል አባቴ የእግሬ ጣቶች ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል አለኝ። ወደ ነርሷ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበራ። ነርቩ ተርቧል፣ ይብላ። ፋርማሲ ገብቼ ባለ መቶ ሚሊግራሙን ገዛሁ። ማዘዣ የጠየቀኝ የለም፤ ቫይታሚን ማዘዣ ምን ያደርግለታል? ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ሰጠሁት። ጉንዳኑ አልሄደም፤ ሁለት ሁለት አደረግሁት። ቲቢው ለቅቆት ወደ መንደሩ ሲመለስ ሦስት ሦስት እንዲውጥ ነግሬ ላክሁት። ብርሃን እንዳይነካው ጥቁር ብልቃጥ ፈልጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንዳያልቅበትም በየአስራ አምስት ቀኑ ዳገቱን እወጣ ነበር።

ጎረቤት ሲጠይቀው አባቴ ብልቃጡን ያሳያል። "ልጄ ነው የሚያክመኝ። የተማረ ይግደለኝ!" ይልና ክኒኑን በአንድ ጉንጭ ውሃ ያወርደዋል። ሁላችንም እንስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩ የጠፋበት። ሲራመድ መሬት መሬት እያየ ሆነ፤ ቀና ካለ ይንገዳገዳል። ቀጥሎ እጁ ተከተለ፤ ክሩ ሲበጠስ ጣቱ አይሰማውም። እኔም አራት አራት አደረግሁት።

አንድ ቀን ከደጋው አውርጄ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ አቁሞ ዐይኑን አስጨፈነው፤ አባቴ ወዲያው ወደ ጎን አዘነበለ፣ ይዘን አተረፍነው። "አሁን የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ሲል ጠየቀ። የአባቴ አማርኛ ከገበያ ስለማያልፍ የመለስኩት እኔ ነኝ። "የቲቢውን ጨርሷል። ሌላ ምንም አይወስድም" አልኩ። ልዋሽ ብዬ አይደለም። ቫይታሚን መድኃኒት ነው ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም። ብልቃጡ እዚያው በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ የቲቢው መድኃኒት ጥሎት የሄደ ጉዳት ሊሆን ይችላል፣ ጊዜ እንስጠው ብሎ ሸኘን።

መንደሩ ግን ጊዜ አልሰጠውም። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ወግ የጣሰ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይባላል፤ ጥፋቱ ሕመም ሆኖ ይመጣበታል፣ የሚለቀውም ሰውየው ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ሜዳ፣ ቆሞ ያደረገውን ሲናገር ነው። ሽማግሌዎቹ "ቤትህን ፈትሽ" ብለው ላኩበት። ይህን ስሰማ ተቆጥቼ ዳገቱን ወጣሁ።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ነርቭ ነው። ጎሜ አይደለም።"

"ነርቭ ከሆነ ታዲያ ለምን አላዳንከኝም?" አለኝ።

በዚያው ቀን እናገራለሁ ብሎ ለሽማግሌዎቹ ላከባቸው።

ዱቡሻው ላይ ሁለት ሰዎች ደግፈው አቆሙት። ጉም ነበር። ሽማግሌዎቹ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶች ዳር ላይ ቆመዋል። አባቴ እግሩን እያየ ተናገረ። "ሴቶች የፈተሉትን ይዘው ሲመጡ፣ አምነው ትተውልኝ ይሄዱ ነበር። እኔ ከየፈትላቸው ጥቂት ጥቂት አስቀርቻለሁ። ባስቀረሁት ጋቢ እየሠራሁ ሸጬ ልጄን ዩኒቨርሲቲ ልኬበታለሁ።"

ከዳር የአንዲት አሮጊት ድምፅ ተሰማ። "የባሌንም መገነዣ?"

"የባልሽንም" አለ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁት፤ ወጥቷል፣ ይለቅህ አሉት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። የለበስኩት ኮት፣ ዲግሪዬ፣ ሰሌዳ የምደበድብበት ጠመኔ፣ ሁሉም ከዚያ ፈትል የተቀነሰ መስሎ ታየኝ። አዘንኩለት ብል ውሸት ነው፤ ተናደድኩበት። ለማይረባ እምነት ብሎ ስሙን በገዛ አፉ ቀበረ አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በዚያው ሳምንት ብልቃጡን ልሞላ ሲቀላ ወዳለችው ፋርማሲ ሄድኩ። ከሰሜን መጥታ ገና ሥራ የጀመረች ልጅ ነበረች ባንኮኒው ላይ። የጠየቅኳትን ብዛት ስትሰማ ቀና አለች።

"መምህር፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?"

"ለአባቴ። ለነርቭ ነው።"

"በቀን ስንት ነው የሚወስዱት?"

"ጠዋት አራት፣ ማታ አራት።"

"ባለ መቶውን? ከመቼ ጀምሮ?"

"ዓመት አልፎታል።"

"ማነው ያዘዘላቸው?"

"እኔ" አልኩ። እጇን ከመደርደሪያው ስትመልስ ደሜ ፈላ። "ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው እኮ! የበዛው ይወጣል!" ብዬ ክፍል ውስጥ እንደምጮኸው ጮኽኩባት።

አልተቆጣችም። "ቢ ሲክስ እንደዚያ አይደለችም፣ መምህር። ስታንስም ነርቭ ትጎዳለች፣ ስትበዛም ነርቭ ትጎዳለች። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባል የለ?" አለችና ከባንኮኒው ሥር ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ገልጣ አዞረችልኝ። አባቴን እዚያ ገጽ ላይ አገኘሁት። የጣቶቹ መደንዘዝ፣ እግር የት እንዳለ አለማወቅ፣ መንገዳገዱ፣ ዐይን ሲጨፈን መውደቁ፣ ሁሉም በተርታ ተጽፏል። አንድ መስመር ሳይጎድል አነበብኩት።

"ዛሬውኑ ያቁሙ" አለችኝ። "ካቆሙ በኋላም ለትንሽ ሳምንታት ሊብስባቸው ይችላል። አይደንግጡ።"

እንዴት አልደነግጥ! በዚያው ቀን ሽቅብ ወጥቼ ብልቃጡን ከራስጌው ወሰድኩ። "ከእንግዲህ አያስፈልግህም" አልኩት፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም። እርሱ ዱቡሻ ላይ በተናገረው የተቆጣሁበት መሰለው። "እሺ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እንዳለችውም ባሰበት። ማንኪያው አፉን ይስታል። ከደጃፍ እስከ አጥር መሄድ አቃተው። ትምህርት ቤቱን ፈቃድ ጠይቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ በየጠዋቱ ዐይንህን ጨፍን እለውና የእግሩን አውራ ጣት ይዤ "ወደ ላይ ነው ወደ ታች?" እጠይቀዋለሁ። ይገምታል። ይሳሳታል። እኔ ውጭ ወጥቼ እንሰቱ መሀል ቆሜ አለቅሳለሁ። ገደልኩት ብዬ አመንኩ። በክኒን የገደለ ሰው ቢያንስ ክፉ ነገር ሰጥቶ ነው፤ እኔ ሙዝና ባቄላ ውስጥ ባለው ነገር አባቴን ገደልኩት እል ነበር። እግዚአብሔርን በየትኛው አፌ እንደምለምነው ግራ ገባኝ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከምንጭ የቀዳሁትን ውሃ እግሩ ላይ ሳፈስለት "ይበርዳል" አለ። ሌላ ምንም አላለም፣ ይበርዳል ብቻ። እኔ ማሰሮውን ጣልኩት።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ ሁሉም ባይሆን፣ መርገጫ ለመለየት የሚበቃው። መንደሩ ደስታ በደስታ ሆነ። ጎሜው ለቀቀው! ተናግሮ ዳነ! ልጆቻቸውን ለመምከር የአባቴን ስም መጥራት ጀመሩ። እየዳነ በሄደ ቁጥር ሌብነቱ ይበልጥ እውነት እየሆነ ሄደ። ይህን መሸከም አቃተኝ፤ አንድ ቀን ፊቱ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ክኒኑን፣ መጽሐፉን፣ ሆስፒታል ውስጥ የመለስኩትን መልስ።

"ዱቡሻ ላይ ቆሜ እናገራለሁ" አልኩት። "ያመመህ ፈትሉ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያሳመምኩህ።"

"ክኒኑ ነው ካልክ፣ እኔ ፈትሉን አልወሰድኩም ማለት ነው?"

"እሱ... እሱ ሌላ ነገር ነው።"

"ሌላ አይደለም። ክኒኑን ያስተማረህ ፈትሉ ነው" አለኝ። ቀጥሎ እጄን ያዘና "ለማንም አትናገር። አንድ ሰው ከተዋረደ ይበቃል" አለ። እኔም ፈሪ ነኝና እሺ አልኩ። እስካሁን አልተናገርኩም።

አባቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። እግሩ ይታዘዛል፣ ዕቃው ተዘርግቷል፤ ፈትል ይዞ የሚመጣ ሰው ግን የለም። ሴቶቹ ሰላም ይሉታል፣ ጤናውን ይጠይቃሉ፣ የፈተሉትን ታቅፈው በደጁ አልፈው ወደ ሌላ ሸማኔ ይሄዳሉ። እርሱ ባዶውን መርገጫ እየረገጠ ይውላል። ይህን ማየት አልቻልኩም። ከሲቀላ ገበያ ፈትል ገዝቼ ወጣሁና "አብራኝ የምታስተምር ሴት ጋቢ ሥራልኝ ብላ ልካ ነው" አልኩት። ፊቱ ሲበራ አየሁ። በሚቀጥለው ጊዜም ገዛሁ፤ የዚያችው ሴት እህት ናት አልኩ። ጋቢዎቹ አሁን አልጋዬ ሥር ተደርድረዋል።

በየጋቢው ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ያስርበታል። የተረፈው ፈትል ነው፤ ጣት የማታህል ቁራጭ ክር እንኳ ሳትቀር ለቅሞ ይቋጥራታል። "ለሴትዮዋ ስጥልኝ። አንድም አላስቀረሁም በላት" ይለኛል። ሽቅብ በወጣሁ ቁጥር፣ ገና ሰላም ሳንባባል፣ "ሰጠሃት? ምን አለች?" ብሎ ይጠይቀኛል።

"አምነዋለሁ አለች" እለዋለሁ።