እስቲ አበረታቱኝ

የሶላር ማመልከቻ ልናስገባ ከተሰለፍነው መካከል ጃንጥላ የያዙት አንድ አዛውንት ብቻ ነበሩ፤ ያውም አናት በሚበሳ ፀሐይ። ዘወር ባሉ ቁጥር የጃንጥላው ጫፍ ዓይኔን ሊያወጣው ምንም አይቀረው። ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል፤ ግን አንዱ ቁልፍ በቀይ ክር፣ መርፌ በማያውቅ እጅ ተሰፍቷል። በየመሀሉ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡልናል፦ «በጣሪያቸው ላይ ሶላር ለሚያስተክሉ ማበረታቻ ይሰጣል።»

ተራቸው ሲደርስ ጃንጥላቸውን አጠፉ።

«ማበረታቻውን ፈልጌ ነበር።»

«ከወጪው ሲሶውን እኛ እንሸፍንልዎታለን፣ አባቴ» አለቻቸው ጸሐፊዋ።

«ወጪውስ ግድ የለም፤ የፓነሉም የባትሪውም ተቀምጧል። ያጣሁት ወኔውን ነው። እስቲ አበረታቱኝ።»

ጸሐፊዋ ዞር ብላ አለቃዋን አየች። አለቃው ኮርኒሱን አየ።

«ድሮ ቤት ውስጥ የምታበረታታኝ ነበረች» አሉ ቀዩን ክር እየነካኩ። «ጫማ ስገዛ እንኳ አብራኝ ነበር የምትሄደው።»

ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን ጠራርጋ «አይዞዎት አባቴ፣ ይችላሉ!» አለች። ከሰልፉ አንዱ «በርቱ!» ሲል ሁላችንም አጨበጨብን፤ ጥበቃው ሳይቀር።

ሰውዬው እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ የማመልከቻ ቅጹን ሳይሞሉ በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ለዛሬ በቃኝ» አሉ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ። «የቀረውን ነገ መጥቼ እወስዳለሁ።»