የሌለ ባል ሸሚዞች

ሰፈሩ «ካውያ» ብሎ የሚጠራት በሥራዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እርግጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ላውንደሪ ቆማ የሰው ልብስ ስትተኩስ ኖራለች፤ ክንዶቿም በትኩስ ብረት ተዥጎርጉረዋል። ስሙን ያወጣላት ግን ምላሷ ነው። የማንም ጓዳ በእሷ አፍ ሳያልፍ አይቀርም፤ ሲያልፍ ደግሞ እየተቃጠለ ነው።

የሰው ጓዳ እንዲህ የምትበረብር ሴት የራሷን አራት ዓመት ሙሉ ቆልፋ ይዛለች። ጓዳው ውስጥ ያለው ምስጢር አጭር ነው፤ ባል የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ተጣሉ፣ ሻንጣውን አነሣ፣ በዚያው ቀረ። ካልሲ እንኳ አልተወላትም። አከራይዋ ደግሞ፣ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴትዮ፣ ሕጋቸው አንድ ነው፤ «ላጤ ሴት አላከራይም። ላጤ ሴት ያስገባሁ ለት ደረጃዬ የወንድ መተላለፊያ ይሆናል።» ካውያ ቤት ከመልቀቅና ከመዋሸት የቱ ይቀላል ብላ አሰበችና መዋሸቱን መረጠች።

ባሏ ከከተማው ማዶ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ዘበኛ ሆነ አለች። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፣ ሰው አይወድም። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ የውጪውን በር ጓ ታደርገዋለች፤ ጎረቤት በእንቅልፍ ልቡ «ገባ» ይላል። በወር አንድ ሁለቴ ደግሞ ክፍሏ መሐል ቆማ ብቻዋን ትጣላዋለች። «ዛሬም እንደ ግንድ ልትጋደም ነው? ተናገር እንጂ!» ባልና ሚስት ያሉበት ቤት ሁልጊዜ ጸጥ ካለ ያስጠረጥራላ።

ዋናው ማስረጃ ግን ሸሚዞቹ ነበሩ። ከልባሽ ተራ ሦስት የወንድ ሸሚዝ ገዛች፤ ሰው እንዲፈራ ብላ ሰፋፊውን መረጠች። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌታቸውን በጥላሸት ታቆሽሽና ፈትጋ አጥባ፣ ጣሪያው ላይ ከሰማያዊው የውኃ ታንከር አጠገብ ታሰጣቸዋለች። እትዬ ከታች ቀና ብለው ያያሉ።

«ያ ቀጫጫ ሰውዬ! የሌሊት ሥራ እንዲህ ያወፍራል እንዴ?»

«ቀን ሙሉ ተኝቶ ምን ያድርግ ብለው ነው፣ እትዬ?»

እንዲህ እንዲህ እየተባለ አራት ዓመት ተገፋ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሸሚዞቹን አስጥታ ስትወርድ እትዬ ደረጃው ሥር ጠበቋት።

«ስሚ ልጄ፣ ቧንቧዬ ያንጠባጥባል። ነገ እሑድ ነው፤ ባልሽ ወርዶ ይይልኝ። ፊቱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ነገ ካላየሁት ግን፣ እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ እኔው ገብቼ አያለሁ።»

ካውያ «እሺ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሌላ ምን ትበል?

እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ካውያዎቹ ቀዘቀዙ፣ አሠሪዋ «በቃ ሂዱ» አለ። ቤት እንዳትሄድ እትዬ አሉ። መንገዱ በቱሪስትና በጡሩንባ ታጭቋል፤ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ደግሞ ደህና ውሸት አይታሰብም። ያኔ ነው ቀና ብላ ኮረብታውን ያየችው። አናቱ ላይ የሕዝብ አትክልት ስፍራ አለ፤ ሰው ከዚያ ሆኖ አሮጌውን ከተማ ቁልቁል ያያል ይባላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ወጥታበት አታውቅም። «ያለ ጉዳይ ዳገት የሚወጣ ቱሪስትና ፍየል ነው» ትል ነበር። ዛሬ ጉዳይ አላት፤ ወጣች።

ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ጭው አለ። ጡሩንባ የለም፣ ሻጭ የለም፤ የውኃ መርጫ ጎማ ጽጌረዳው ሥር ትስ ይላል፣ በቃ። ጠጠሩን ረግጣ፣ ሣሩን አቋርጣ የድንጋዩን መከታ ተደግፋ ቁልቁል አየች። አሮጌዎቹ ግንቦች፣ ጉልላቶቹ፣ የተጠላለፉት ጣሪያዎች፣ ከዚያም… ሰማያዊ ታንከር። ከታንከሩ አጠገብ ሦስት ነጫጭ ሸሚዞች እጃቸውን ዘርግተው ይወዛወዛሉ። በእጇ ልትነካቸው የምትችል መሰላት። አራት ዓመት ለእትዬ ብላ ያሰጣችው ውሸት እዚህ ለወጣ ሁሉ የተዘረጋ ነው!

«እናት፣ ሣሩ ላይ አይቁሙ» አለ ከኋላዋ አንድ ሰው።

ዞር ከማለቷ በፊት ድምፁን አወቀችው። ዞረች። የአጥር መከርከሚያ መቀስ ይዞ፣ የአትክልተኛ ኮፍያ አድርጎ፣ እንደ ድሮው ቀጭኖ ቆሟል። ባሏ።

ካውያ «አይቁሙ» የተባለበት ሣር ላይ ቁጭ አለች።

«በሕይወት አለህ?»

«አለሁ።»

«የት?»

«እዚሁ። ሦስት ዓመቴ።»

«እዚሁ? እዚህ… ከጭንቅላቴ በላይ?»

መቀሱን ከፈት ዘጋ ያደርገዋል። «ሥራ ፍለጋ ሄጄ ነበር። አልሆነልኝም፤ በዓመቱ ተመለስኩ። በር ከማንኳኳቴ በፊት እስቲ ቤቱን ልየው ብዬ እዚህ ወጣሁ። ቅዳሜ ነበር።» በአገጩ ወደ ታች ጠቆማት። «ሸሚዞቹን አየሁ።»

«እና?»

«እና ምን! ቶሎ ሌላ አገባች አልኩ። እንዲያ ያለ ትከሻ ያለው ሰው ቤት ምን ብዬ ልምጣ? እኔ እኮ እዚያ ሸሚዝ ውስጥ ሁለቴ እገባለሁ! አትክልተኛ ይፈለጋል ሲሉ ሰማሁና ቀረሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አያለሁ። እንዴት አድርገሽ እንደምታጥቢለት… የእኔን እንዲያ ነጭ አድርገሽው አታውቂም።»

ካውያ ልትስቅ ፈለገች፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። እጆቿን አየቻቸው። ሰው ሁሉ ባል አላት እንዲል በየቅዳሜው በእነዚህ እጆች፣ ሸሚዞቹን በልብስ መቆንጠጫ እያጣበቀች፣ ባሏን ስታባርር ኖራለች።

«የማንም አይደሉም» አለች።

«ምን?»

«ሸሚዞቹ! የማንም አይደሉም። ከልባሽ ተራ ነው የገዛኋቸው። ሰው ለብሷቸው አያውቅም። ኮሌታውን የማቆሽሸው እኔ፣ የማጥበው እኔ። ለሰው ሁሉ ባሌ አንተው ነህ፤ ዘበኛ ሆነሃል፣ ወፍረሃልም!»

መቀሱ ከእጁ ወድቆ ጠጠሩ ላይ ተንቃጨለ። ቁልቁል አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ቁልቁል አየ።

«ሰው… የለም?»

«የለም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ወርደህ ብታንኳኳ ምን ነበረበት፣ አንተ ፈሪ!»

«ትከሻውን እያየሁ?»

ካውያ የእትዬን ነገር ነገረችው፤ ነገ ባል ካልታየ ክፍሉ እንደሚሄድ። ሳትጨርስ ኮፍያውን አወለቀ።

«ልውረድ! አሁኑኑ። ቧንቧ ነው አይደል? እሠራላቸዋለሁ።»

ካውያ አየችው። ከዚህ የተሻለ ውሸት ዳገት ተወጥቶም አይገኝም፤ እውነት የሆነ ውሸት። አንድ ቃል ብትናገር ክፍሉም ስሙም ይተርፋል።

«ቁጭ በል» አለችው።

«እትዬ ግን…»

«ለእትዬ ቧንቧ ስል ባል አላስገባም። ነገ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ካባረሩኝ ያባርሩኝ። አንተ መጀመሪያ ያን ለት ጠዋት ሻንጣህን ያነሣህበትን ምክንያት ንገረኝ። ለምን አንድ ደብዳቤ እንኳ እንዳልጻፍክ ንገረኝ። ሁሉንም።»

ተጠግቶ ተቀመጠ፤ ሣሩ ላይ፣ ሰው አይቀመጥበትም ብሎ ሦስት ዓመት የጠበቀው ሣር ላይ።

«ከየት ልጀምር?»

«ከፈለግክበት። ግን እንዳትዋሸኝ» አለች ካውያ። «በዚህ ሙያ ካንተ እበልጣለሁ።»