ጋሼ ሽቦና የእህቱ አፍንጫ

ጋሼ ሽቦ የኤሌክትሪክ ጊታር ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ በጊታር አንገት ላይ፣ ከክሮቹ ሥር በአግድም የተቀበሩትን ቀጫጭን ሽቦዎች እንጨቱን ሳያቆስል የሚነቅል እንደ እሱ ያለ የለም። ማንም አላስተማረውም። ያገለገሉ ጊታሮች እየገዛ፣ እየፈታና እያበላሸ ራሱን አስተማረ። ከሽቦዎቹ ሥር ያለውን፣ ጣት የሚያርፍበትን እንጨት አይቶ፣ "ይሄ ጥቁሩ ዞጲ ነው፤ ይሄ ሮዝውድ ነው፤ ይሄ ደግሞ ጥቁር ቀለም የጠጣ ተራ እንጨት ነው" እስኪል ድረስ ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል።

ታናሽ እህቱ ግን በሁለት ዓመት ደረሰችበት።

ትሠራበት የነበረው የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሲዘጋ ነይ ያላት ራሱ ነው። እንዲያውም፣ "ጌታዬ፣ የሚያግዘኝ ሰው ላክልኝ" እያለ ሲጸልይ ከርሞ ነበር። ጸሎቱ ተሰማ፤ ከነአፍንጫዋ ተላከችለት። የእንጨቱን ጫፍ በምላጭ ጫር ታደርግና ታሸታለች፤ አለቀ። ደንበኞች አሁን ገና በሩን ሳያልፉ፣ "እሷ የለችም እንዴ?" ይላሉ። እሱ በአጉሊ መነጽር ሩብ ሰዓት አጎንብሶ፣ "ሮዝውድ ነው" ሲል ዞር ብለው እሷን ያያሉ። እሷ ራሷን ስትነቀንቅ ነው የሚያምኑት። ያ መነቅነቅ ያንገበግበዋል።

ለማንም ያልነገረው ነገርም አለው። ዘመኑን ሙሉ ቫርኒሽ ሲምግ ኖሮ፣ አፍንጫው ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሳሙናም ሽንኩርትም አይሸተውም። ይህ ቢታወቅ ማን ጊታር ያመጣለታል?

አንድ ጠዋት አንድ የባንድ ጊታር መቺ አባቱ የተወለትን አሮጌ ጊታር ይዞ መጣ። የአንገቱ እንጨት በላብና በእድፍ ጠቁሯል፤ መሃሉም ተቦርቡሯል።

"ጋሼ ሽቦ፣ ይድን ይሆን?"

እህቱ ጓዳ ውስጥ ገመድ እየበየደች ነበር። አልጠራትም። በመነጽሩ አየና፣ "ቀለም የጠጣ ነው። አንስተን አዲስ እንለጥፍበታለን" አለ።

"እሷ አታየውም?"

"ምነው፣ እኔ ዓይን የለኝም?"

ካውያውን ሰካ። አሮጌ ሙጫ የሚለቀው በሙቀት ነው፤ የጋለ ካውያ እንጨቱ ላይ ይቀመጥና ከሥሩ በስስ ቢላዋ ይፈለቀቃል። የደረቀ እንጨት በዚህ መሃል ይሰነጠቃል፤ የሚጣል ስለሆነ ግን ማንም አይጨነቅለትም። ካውያውን አሳረፈ። ቢላዋውን አነሳ።

ጊታር መቺው ቀና አለ። "እንዴ! ሽቶ ተቀባህ እንዴ ጋሼ?"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ አትቀልድ።"

እህቱ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። "ጋሼ፣ አንሳው! ካውያውን አንሳው!"

"ደግሞ ጀመረሽ!"

"ቤቱ በሙሉ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሲል አይሸትህም? የድሮው ሮዝውድ እኮ ነው፣ ዛሬ ቁረጡ ቢባል የማይገኘው!"

የቢላዋው ጫፍ ገብቶ ነበር። እጁ ቆመ፤ ካውያውን አነሳ። ሁለቱም አየሩን ይስባሉ፣ ፊታቸው በርቷል። በዚያች ቅጽበት በጊታር መቺውም ጭምር ቀና።

እህቱ ፊቱን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጉንፋን ይዞት ሰንብቷል" አለች ለደንበኛው።

ጥሩ ውሸት ነበር። ዝም ቢል ያልፍለት ነበር። ግን ቢላዋው ሥር ያለው የሰው አባት ዕቃ ነው።

"ጉንፋን አይደለም" አለ። "አራት ዓመት ሆነኝ፤ ምንም አይሸተኝም። አንቺንም ያልጠራሁሽ ቀንቼ ነው። ወንድሜ፣ የአባትህን ዕቃ ልሰብርብህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ባልልህ ሽቦውን ማን ሊቀይርልኝ ነው?" አለ ጊታር መቺው እየሳቀ፤ ጊታሩን ግን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

እህቱ ቢላዋውን ቀስ አድርጋ አወጣች። "እኔማ አውቅ ነበር" አለች።

"በምን አወቅሽ?"

"ያን ለት ምሳህ ምድጃው ላይ ከሰል ሲሆን አጠገቡ ቁጭ ብለህ ጋዜጣ ታነብ ነበራ!"

"ታዲያ ዝም ትይኛለሽ?"

"አንተ እስክትነግረኝ ነዋ።"

ጋሼ ሽቦ እንጨቱን በጨርቅ ሲጠርገው ከእድፉ ሥር ቡናማ መልክና ጥቋቁር መስመሮች ወጡ። ልማድ ሆኖበት አጎንብሶ አሸተተ። ምንም።

"እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ምን ይላል?"

"እማዬ በልብስ ሳጥኗ ውስጥ ታደርገው የነበረውን ሳሙና ታስታውሳለህ? እሱን እሱን።"

ሽታው አልመጣለትም፤ ሳጥኑ ግን መጣለት፣ ከነክዳኑ፣ ከእናቱ እጅ ጋር። በሆዱ ተመስገን አለ።

"አንቺ ታድለሽ" አላት። ቅናቱ አሁንም ትንሽ አቃጥሎታል። ካውያውን ነቀለና ጊታሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።