ከጉንዳን ፊት የምትቀድም ወፍ

ሮቤ ከተማ፣ ደጃፌ ላይ የበሰበሰ ቅጠል ስጠርግ ሽታው ወደ ሐረና ደን መለሰኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ ስምንት ዓመቴ። ክረምቱን ከደሎ መና በላይ፣ ጫካ ዳር፣ አክስቴ ፋጡማ ቤት ነበርኩ። አንድ ጠዋት ከጓሮው ቁጥቋጦ ሥር ወፍ ጮኸች። አክስቴ አዳመጠችና "ያ ረቢ! ገብረ ጉንዳን መጣ" ብላ ጥጃዋን ፈታች። የታቀፈችውን ዶሮ ከነእንቁላሏ በቅርጫት አስያዘችኝ። በሩን ግን ወለል አድርጋ ተወችው።

"ቤቱን ጠርገውልን ይሄዳሉ" አለች።

ራቅ ብለን ቆምን። ጥቁር ጅረት ከጫካው ወጥቶ ወደ ቤቱ ፈሰሰ። ከፊቱ ፌንጣው፣ ሸረሪቱ፣ በረሮው ነፍሴ አውጪኝ ይላል። ከጡጫዬ የማትበልጥ ቡናማ ወፍ ከታችኛው ቅርንጫፍ ብልጭ እያለች ትለቅማቸዋለች። አንዱንም አልሳተችም። ትንፋሼን ውጬ አየኋት።

"ጉንዳኑን አትበላም?"

"የሚሸሸውን ነው የምትበላው" አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ከወፏ ሳትነቅል። "አሊዬንም ለጦር ሜዳ ሲያፍሱ፣ ሲሸሽ ነው የያዙት።"

አሊ ልጇ ነው። ማፈስ ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

"የማይሸሸውስ?"

የጥጃዋን ገመድ እጇ ላይ ጠቀለለች። ማምሻውን ስንገባ ቤቱ ጥርግ ብሏል፤ አንዲት በረሮ እንኳ የለችም። አክስቴ አሊ ይተኛበት የነበረውን ቁርበት አራግፋ በቦታው አነጠፈችው።

አሊ ሳይመለስ እሷ አለፈች።

ዛሬ ደጃፌ ላይ መጥረጊያውን ጥዬ ልጄን በስሙ ጠራሁት። ከጓዳ "አቤት፣ እማዬ" እስኪለኝ ድረስ አልተነፈስኩም።