ተመላሽ የተባለችው ልጄ

ልጄ ከሃንጋሪ በተመለሰች ማግስት ጎረቤቶቻችን ሊያጽናኑን መጡ። ቀልድ አይደለም። ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም እንጂ አገባባቸውም አቀማመጣቸውም የለቅሶ ቤት ነበር። ባለቤቴን በዝግታ "አይዞሽ፣ ያለ ነው" አሏት። ልጄ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ሴት ልጆቿ ጅዳ የሚሠሩ አንዲት ደግ ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞራ "አላህ ሌላ በር ይከፍትላታል፤ ዋናው ጤና ነው" አለችኝ። የትኛው በር ተዘግቶባት ነው ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ባለቤቴ በዓይኗ ከለከለችኝ።

እኔ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማንበብን ያደላደልኩት በስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ደንበኛ የረሳውን ጋዜጣና የተዋስኩትን መጽሐፍ እየገለጥኩ ነው። ስለዚህ የመማር ዕድል ያገኘ ሰው በዕድሉ ሲቀልድ ሳይ ከማንም በላይ እቆጣለሁ። ይህን የምለው ቁጣዬ ከየት እንደሚነሳ ግልጽ እንዲሆን ነው።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው አፈር ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ለአንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ሄደው ከሚማሩት ጋር ተመረጠች። አንድ ሴሚስተር ማለት ሄዶ፣ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ተመልሶ ካቆሙበት መቀጠል ነው። ይህችን ቀላል ነገር ለሰው ማስረዳት አቃተኝ። እኛ ዘንድ ውጭ ማለት ዓረብ አገር ነው። የሄደ ሰው ሠርቶ ይልካል፤ ካልቀናው ተይዞ ይመለሳል። ሌላ ዓይነት መሄድ አይታወቅም። ሱቄ የገባው ሁሉ ሃንጋሪ ከቤሩት ወዲህ ነው ወዲያ እያለ ይጠይቀኛል። አንድ የወግዲ ነጋዴማ ሱሪ እያስለካኝ "እግሯ አንዴ እዚያ ረግጦ ከተመለሰች ይህን ሱሪ ለአንቱ ትቼልዎት እሄዳለሁ" አለኝ። ትመለሳለች፣ ተመለሽ ብያታለሁ አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ብያታለሁም። ከመሄዷ በፊት አስቀምጬ፣ ቦታውን የሰጧት ሰዎች አምነዋት እንደሆነ፣ ብትቀር ከኋላዋ በሚመጡት ተማሪዎች ላይ በር እንደምትዘጋ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። እሺ አለች።

ያ አንገት መድፋት እዚያ ጣጣ አመጣባት። እዚያ ክፍል ውስጥ ተማሪው ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት ይከራከራል፤ ሐሳብ መስጠት ራሱ ነጥብ አለው። ልጄ የሚጠየቀውን ታውቀዋለች፤ ነገር ግን ሳትጠየቅ አትናገርም፤ ስትጠየቅም መሬት መሬት እያየች ባጭሩ ትመልሳለች። መምህሩ ይህን ስንፍና አድርጎ ወሰደው። ተዘጋጅተሽ አትመጪም ወይ አላት። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። በታላቅ ፊት አትንጫጪ ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ያልተማሩትስ እነሱ ናቸው አልኳት። እሷ ግን ከእንግዲህ ክፍል ከመግባቷ በፊት አንድ የምትናገረው ነገር ይዛ እንደምትገባ፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እንደምትናገረው ነገረችኝ።

ሌላም የከበዳት ነገር ነበር። ሁዳዴን ዳቦና ድንች እየበላች ነው የጾመችው። ፋሲካ የእነሱ ቀድሞ አልፎ ስለነበር፣ በእኛው ፋሲካ ዕለት አንድ ሰው እንኳን አደረሰሽ ሳይላት ለሰኞ ፈተና ስታጠና ዋለች። ታማ በተኛች ጊዜ በሯን ያንኳኳ አልነበረም። ከጎኗ ክፍል ያለችው ተማሪ ክፉ ሆና አይደለም፤ ሳይጠሩ ሰው ቤት መግባት እዚያ ነውር ነው አለችን። እናቷ አለቀሰች። እኔ እንባ ስለማልወድ ወጣሁ።

እውነቱን መሸሸግ ግን ተገቢ አይደለም፤ ያገኘችውም ብዙ ነው። እዚህ ተሰልፈው የሚያዩበትን ማይክሮስኮፕ እዚያ ለየራሳቸው ይዘው ይቀመጣሉ። መምህሩ ጥያቄ ሲጠነክርበት "ይህን አላውቅም፣ አንብቤ እመጣለሁ" ሲል ሰምታ ማመን አቅቷት ደጋግማ ነግራኛለች። የማሳ አፈር ሊመረመር ሲወሰድ ገበሬው ራሱ አብሮ መጥቶ ውጤቱን ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ስሰማ ቀናሁ። የእኛ ሰው አፈሩ በየክረምቱ እየተጠረገ ወደ ዓባይ ሲወርድ ዳር ቆሞ ማየት ብቻ ነው የተረፈው።

እንግዲህ ይህችን ልጅ ነው ሊያጽናኑን የመጡት። ነጋዴውም ሱሪውን ለብሶት በሱቄ በር ሲያልፍ አየሁት፤ ሰላም እንኳን አላለኝም። በገበያው ስሟ "ተመላሽ" ሆነ። ቃሉ እኛ ጋ የሚነገረው ከዓረብ አገር ተይዘው ለመጡ ነው። ጭራሽ አንድ የቀበሌ ሠራተኛ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ለተመላሾች ሥልጠና እንደተዘጋጀ፣ ልጄም ዶሮ እርባታ ወይም የፀጉር ሥራ መምረጥ እንደምትችል አበሠረኝ። በቅንነት መምጣቱ ይበልጥ አናደደኝ። ልጄን ከእነሱ ጋር አትደምራት ብዬ አባረርኩት።

ይህን እራት ላይ ሳወራ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

"ከእነሱ ጋር ማለት ከእነማን ጋር ነው፣ አባባ?"

ማንን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለሽ አልኳት። እነሱም እንደ እሷ ቋንቋውን ሳያውቁ ሰው አገር ገብተው፣ ዝም ሲሉ ሞኝ እንደተባሉ፣ ልዩነቱ እሷን የጠበቃት መምህር፣ እነሱን የጠበቀቻቸው ማዳም መሆኗ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ትክክል ነበረች። ለአባት የሚነገርበት ድምፅ ግን አልነበረም፤ እንጀራዬን ትቼ ተነሳሁ።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ትምህርቷን ልትቀጥል ወደ ግቢዋ ብትሄድ፣ ከመሄዷ በፊት "እዚያ የተማርሽው ይያዝልሻል" ያላት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሐሳቡን ለውጦ ጠበቃት። ሁለቱ ኮርሶች ከእኛ ጋር አይገጥሙም፤ እንደገና እስኪሰጡ አንድ ዓመት ቤትሽ ቆይተሽ ነይ አላት። ጓደኞቿ ሊመረቁ እሷ ልትቀር ነው። ኃላፊውን በስልክ አገኘሁት።

"አባት፣ ይህ የአካዳሚክ ጉዳይ ነው" አለኝ።

"ቃል መጠበቅስ የምን ጉዳይ ነው?" አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

የባለቤቴ እህት ዱባይ ናት። ወሬው እንደደረሳት ቪዛ ላውጣላት፣ ዓመቱን ሙሉ ቤት ከምትቀመጥ ትምጣ ብላ ደወለች። የባለቤቴ ልብ ወደዚያ ሸፈተ። ልጄም እንቢ አላለችም፤ ላስብበት አለች። ያ "ላስብበት" እንቅልፍ ነሳኝ። ከሄደች ትምህርቱ እዚያው ላይ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ዓመቱ ሲደርስ የተመለሰች አላየሁም።

አንድ ቀን ያቺ ልጆቿ ጅዳ ያሉት ጎረቤታችን ቀሚስ ልታሳጥር ሱቄ መጥታ የዱባዩን ነገር አነሳች። ልጄ ምሳዬን ይዛልኝ ገብታ ቆማለች። እኔም እንደ ልማዴ፣ ተመለሽ ስላት የተመለሰች ልጅ ናት፣ ጠብቂ ስላትም ትጠብቃለች አልኩ። ልጄ ሳህኑን አስቀመጠች።

"እርስዎ ስላሉኝ አይደለም የተመለስኩት" አለች። "የማጠናው አፈር እዚህ ስላለ ነው። ብቀርም ብሄድም የምወስነው እኔ ነኝ። በሰው ፊት እኔ አዘዝኳት አይበሉ።"

"ውይ፣ ለአባት እንዲህ ይባላል?" አለች ጎረቤታችን።

ልጄ ወጥታ ሄደች። በራሴ ሱቅ፣ በደንበኛ ፊት። ለዚህ ነው ወይ የላክኋት አልኩ በልቤ። ቀሚሱን አጣምሜ ሰፍቼ እንደገና ፈታሁት። ቀናት ሳንነጋገር አለፉ። ንዴቴ ቀዝቅዞ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ኃላፊው ስልክ የዘጋብኝ ያው እንደኔ ማዘዝ ስለለመደ ነው የሚል ነገር ወደ አእምሮዬ እየመጣ አስቸገረኝ።

በመጨረሻ ግቢያችን ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና ምን ልታደርጊ አሰብሽ አልኳት። ብዙ ነገር ነግሬያታለሁ፤ እንዲህ ብዬ ግን ጠይቄያት አላውቅም። እሷም የያዘችውን ልብስ አስጥታ ወደ እኔ ዞረች።

"ቤት አልጠብቅም። ሄጄ ክፍል እገባለሁ፤ ከታች ካሉት ጋርም ቢሆን። ኃላፊው በየቀኑ ያየኛል።"

"ባይሰማሽስ?"

"ሲሰለቸው ይሰማል።"

ዱባይስ አልኳት። ለአክስቷ ደውላ አልመጣም ብላታለች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለዚህም ተቆጣሁ።

አሁን ዩኒቨርሲቲዋ ግቢ ናት። አንዱን ኮርስ ይዘውላታል። ስለ ሌላው ገና እየተከራከረች ነው፤ ለእናቷ እንደነገረቻት ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ድምጿ ከፍ ብሎ ተማሪው ሁሉ ሰምቷል። ይህን ስሰማ ልቆጣት ወዲያው ስልክ አነሳሁ። ሄሎ ስትል ድምጿ ደክሟል።

"አክብረሽ አናግሪው" አልኳት። "ግን እንዳትለቂው።"