ነፋስ የማይችል ነበልባል

ቆቦ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ የገባሁ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ሰጠኝና የኬሚስትሪውን ክፍል አሳየኝ። ሥራዬ መምህራን የሚያዙትን ሙከራ ማዘጋጀት ነበር። የሚያዝ ግን አልነበረም፤ ላብራቶሪ በፈተና አይመጣም።

ጠረጴዛ ስወለውል፣ ብርጭቆ ሳጥብ ሰነበትኩ። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ስላልሆነልኝ ለራሴ አንድ ሙከራ ጀመርኩ። ኤሌክትሪክ በጨው ውሃ እንደሚያልፍ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በነበልባልም ያልፋል፤ እሳት ውስጥ ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶች አሉ። እኔም በጨው ውሃው ፈንታ እሳቱን ልጠቀም አሰብኩ።

ሁለት ሽቦ ሳይነካኩ የጋዝ ነበልባሉ ውስጥ አቆምኩ። ከባትሪዎችና እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከሚለካው ማይክሮአሜትር ጋር አገናኘኋቸው። መርፌው ፈቀቅ አለ። ከገበያ የገዛሁትን የአፋር ጨው ፈጭቼ እሳቱ ላይ ብጨምር ነበልባሉ ቢጫ ሆነ፤ መርፌውም ከፍ አለ። ደስ አለኝ። ዞር ብዬ የምነግረው ሰው ግን አልነበረም።

ችግሩ የራያ ነፋስ ነው። መስኮት ከተከፈተ ነበልባሉ ይጋደማል፣ መርፌውም ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ ሙቀት በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ እሠራ ነበር። በእኛ አገር በጠራራ ፀሐይ በሩን የሚዘጋ ወይ ታሟል፣ ወይ ሰው ተቀይሟል። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሰሞን ያንኳኩ ነበር፤ «ቆይ፣ ነፋስ ይገባል» እላቸዋለሁ። እየቆየ ማንኳኳቱን ተዉት፣ ሻይ ሲወጡም መጥራቱን ተዉት። ከፋኝ። እኔኮ ሙከራውን አስተካክዬ ልጠራቸው ነበር።

እንዲህ እንዳለሁ ዓመታት አልፈው ጡረታዬ ደረሰ፤ ክፍሉም የወንበር መጋዘን እንዲሆን ተወሰነ። ዕቃውን ከመሰብሰቤ በፊት አንድ ሰው እንኳ እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ግቢ ውስጥ ያገኘሁት ዘበኛውን፣ ጋሽ ሰይድን ነበር። ይግቡ ስላቸው ግራ ገባቸው። አስገብቼ ዘጋሁ።

ጨው ስጨምር መርፌው ተነሳ። ጎንበስ ብለው አዩና ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ላባቸውን ጠረጉ።

«ወላሂ፣ የተቀየምሽን ነበር የሚመስለን» አሉ። «ለዚህ ኖሯል የምትዘጊው?»

«ነፋሱን ፈርቼ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ታዲያ እኛን አስገብተሽ አትዘጊም ነበር?»

ጋዙን አጠፋሁና መስኮቱን ከፈትኩ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ነበልባል ነፋስ አይችልም፣ በሩን ዝጉ። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ሰው አስገቡ።