ወለንጪቲ ላይ የተቀየረው ትያትር

ሥራዬ ነርስነት ነው። ልቤ ያለው ግን አዳማ ውስጥ ባለን የአማተር ትያትር ቡድን ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ እንለማመዳለን። በግንቦት አዳራሹ እንደ ምድጃ ይግላል። ያም ሆኖ ከልምምድ ላለመቅረት ከባልደረቦቼ ጋር ተራ ስቀያየር ነው የኖርኩት።

አዘጋጃችን ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቡድኑን በተቀላቀልኩ ሰሞን ቃለ ተውኔቴን ከሁሉም ቀድሜ በቃሌ ይዤ መጣሁ። ያሞግሱኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሌላው ሲናገር የት ነው የምትሄጂው?" አሉኝ።

"እዚሁ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ተራሽን እየጠበቅሽ ነው እንጂ እየሰማሽ አይደለም። መድረክ ላይ ከመናገር መስማት ይከብዳል።"

በጣም ተናደድኩ። አንድም ቃል ሳልስት ተጫውቼ ምን አጠፋሁ አልኩ። ነገሩ የገባኝ ወለንጪቲ ስንሄድ ነው።

ይዘነው የሄድነው ጋሼ የጻፉት ትያትር ስለ አንዲት ወደ አረብ አገር ልትሄድ ስለተነሳች ልጅ ነው። እኔ እናቲቱን እጫወታለሁ፤ ልጅቷን ደግሞ ቡቲክ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። መድረካችን የአንድ ትምህርት ቤት በረንዳ ሲሆን፣ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ዘንቢላቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሜዳው ላይ ተቀመጡ።

ጨዋታው ጥሩ ሄደ። ልጅቷ ሻንጣዋን አንስታ እሄዳለሁ የምትልበት ቦታ ደረስን። እኔ እዚያ ላይ ተቆጥቼና ረግሜ አባርራታለሁ፤ እሷም እያለቀሰች ትወጣለች። አዳማ ላይ ብዙ ጭብጨባ ያገኘሁት በዚያ እርግማን ነበር። አፌን ከመክፈቴ ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ብድግ አሉና በኦሮምኛ፣

"አትጩኺባት! ምን እንዳስፈራት ጠይቂያት!" አሉኝ።

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ "እማማ፣ ይቀመጡ፤ ትያትር እኮ ነው" አላቸው።

እሳቸው ግን አልተቀመጡም። "የኔም ልጅ ስጮህባት ነው የሄደችው" አሉ።

ሳቁ ቆመ። እርግማኑ ምላሴ ላይ ነበር፤ ልለው አልቻልኩም። የሴትዮዋን ፊት አየሁና፣

"አዮ፣ ማለን ጎዻ?" አልኳቸው፤ እናቴ፣ ምን ላድርግ ማለቴ ነው።

"እጇን ያዥና ዝም በይ። እሷ ትናገር።"

የጓደኛዬን እጅ ያዝኩ። ከዚህ በኋላ የተጻፈ ነገር አልነበረንም፤ ምን እንደምትለኝ እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ። እንደዚያን ቀን ሰው የሚናገረውን ለመስማት ጓጉቼ አላውቅም። ቀና ብላ እያየችኝ፣

"እማዬ፣ መሄዱን እፈራዋለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ ማርጀቱን ግን የበለጠ እፈራለሁ" አለችኝ።

እንባዬ መጣ። የምመልሰውን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም፤ እሷ ስትናገር እኔ ስመልስ፣ አንድ ቦታ ደረስን። ልጅቷ መሄዷ አልቀረም። ግን ሻንጣዋን እኔው ተሸክሜ፣ መርቄ ሸኘኋት።

ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። አሮጊቷ በረንዳው ድረስ መጥተው ሁለታችንንም ሳሙን። "ከእንግዲህ ልጄ ስትደውል እንዲህ ነው የምጠይቃት" አሉ።

ስንመለስ ጋሼ በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ድርሰታቸውን ስላበላሸን ይቆጡናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"የኔ መጨረሻ ልክ አልነበረም" አሉኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ይኼኛውን ነው የምንጫወተው።"

እንዳሉትም በኋላ ቆቃ ስንሄድ የተጫወትነው ያንን ነው። በሕይወቴ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ የእሳቸውን ያህል ያኮራኝ የለም።

ትምህርቱ መድረክ ላይ ብቻ አልቀረም። ባለፈው ክረምት አንድ በዕድሜ የገፉ ዓሣ አጥማጅ እግራቸው አመርቅዞ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጡ። ተኝተው ካልታከሙ እግራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ቢነገራቸውም፣ ሁሉም ተራ በተራ ቢመክራቸውም፣ ወደ ቤቴ ካልሄድኩ አሉ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ቤት ማን አለ?" አልኳቸው፤ ከዚያ ዝም አልኩ።

"ባለቤቴ ዓይኗ አያይም። ውኃ እንኳ የሚቀዳላት የለም" አሉኝ።

ለጎረቤታቸው ደወልንላቸው፤ ጎረቤቲቱም ባለቤታቸውን ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻቸው። ሽማግሌውም ተኝተው ለመታከም እሺ አሉ። ከሳምንታት በኋላ እግራቸው ድኖ፣ በራሳቸው እየተራመዱ ግቢውን ሲሻገሩ በመስኮት አየኋቸው። በር ላይ ለቆመ የባጃጅ ነጂ እጃቸውን አውለብልበው ከፊት ገብተው ተቀመጡ።